ማዘርቦርድ ከማስቀየርሽ በፊት ብልጭታዋን ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን በአጭሩ ላስቀምጠው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ኤችፒ ፕሮቡክ ላፕቶፕ ነው። ስትከፍቺው የፓወር መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጭልም ያለ ነው። የካፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ጥገና ቤት ደግሞ «ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ቦርድ) ተቃጥሏል» ብለውሻል። ሊሆን ይችላል፤ ግን ብልጭታዋን ሳይቆጥሩ ከነገሩሽ ግምት ነው።

በዚያ ዘመን ኤችፒዎች ላይ ያቺ መብራት ዝም ብላ አትጠቅስም። የተወሰነ ጊዜ ብልጭ ትልና ታርፋለች፣ ከዚያ ትደግማለች። በሁለት ዕረፍቶች መካከል ያለውን ቁጠሪ፤ እንዳትሳሳቺ ሦስት ዙር ጠብቂ። 1 ፕሮሰሰር፣ 2 የተበላሸ ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም)፣ 3 ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ)፣ 4 ግራፊክስ (ምስል የሚያወጣው ቺፕ)፣ 5 ማዘርቦርድ፣ 6 ባዮሱ ማረጋገጫውን አላለፈም ማለት ነው። ከ2015 ወዲህ የወጡት በሌላ ዓይነት ብልጭታ ስለሚቆጥሩ ይህ ዝርዝር ለእነሱ አይሠራም።

ቁጥሩ ምንም ይሁን፣ መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀይ፣ ባትሪውን አውጪ፣ የፓወር ቁልፉን 30 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ። ከዚያ ባትሪውን ሳትመልሺ በቻርጀር ብቻ ክፈቺው። ቦርዱ ላይ የቀረች ትንሽ ቻርጅ የፓወር መቆጣጠሪያውን ቺፕ አንቃ ልትይዘው ትችላለች፤ በተለይ መብራት ሄዶ መጣ ሲል።

3 ከሆነ ደስ ይበልሽ፣ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው። ቻርጀሩና ባትሪው እንደወጡ የታችኛውን ክዳን ክፈቺ። አንዳንድ ሞዴል ላይ አንዱ ስሎት (የራም መሰኪያ) ከኪቦርዱ ስር ስለሚደበቅ አንድ ራም ብቻ ካየሽ እዚያም ፈልጊ። በግራና በቀኝ ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጊ ራሙ በራሱ ቀና ይላል፤ ዳርና ዳሩን ይዘሽ ሳቢው። ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ቀስ ብለሽ አሺና ብናኙን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ። ብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኪ፣ ወርቁን ይገፈዋል። ስሎቱንም በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲመልሰው ነው። ራሙ 30 ዲግሪ ያህል ጋደል ብሎ፣ ወርቃማው መስመር ሊጠፋ እስኪደርስ ድረስ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ታች የሚጫኑት፤ ሁለቱም መያዣዎች «ቀጭ» ማለት አለባቸው። ግማሽ ገብቶ የተጫነ ራም ሲያዩት ልክ ይመስላል፣ ማሽኑ ግን አያየውም። ሁለቱን አንድ ላይ አትመልሺ፤ አንዱን ብቻ በአንዱ ስሎት፣ ከዚያ በሌላው፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን እንዲሁ ሞክሪ። አራት ሙከራ መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ታገሺ፣ ራም ሲቀየር የመጀመሪያው አነሳስ ሊዘገይ ይችላል። አንዱ ራም በሁለቱም ስሎት እምቢ ካለ ራሙ ሞቷል፤ ሁለቱም ራሞች በአንድ ስሎት ብቻ እምቢ ካሉ ችግሩ ስሎቱ ነው፣ በሌላው ስሎት መጠቀም ትችያለሽ። መግዛት ካለብሽ ዲዲአር3 ባለ 204 ፒን የላፕቶፕ ራም ነው። «ፒሲ3ኤል» የሚል ከተለጠፈበት በ1.35 ቮልትም በ1.5ም ስለሚሠራ እሱን ምረጪ።

2 ወይም 6 ከሆነ የሞዴልሽን ባዮስ በሌላ ኮምፒውተር አውርደሽ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ላይ አዘጋጂ፤ ፍላሹን ሰክተሽ የዊንዶውስና የቢ (B) ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነሽ እንደያዝሽ አስነሺው። 4 ሲሆን አንዳንዶች «ቺፑን በሆት ኤር (በሙቅ አየር) እናሙቀው» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ለዚያ ገንዘብ አትክፈይ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ስታኞው (ቺፑን ከቦርዱ ጋር የያዘው ብየዳ) ሳይሆን የቺፑ ውስጥ ነው፤ ሲሞቅ ለጥቂት ሳምንት ይነሳና ተመልሶ ይጨልማል።

ብልጭታው ቆሞ ስክሪኑ ብቻ ከጨለመስ? ካፕስ ሎክን ስትጫኚ መብራቷ በርታ ከጠፋች ማሽኑ ሕይወት አለው። ክፍሉን አጨልመሽ የስልክሽን ባትሪ ወደ ስክሪኑ በጎን አብሪበት። ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ወይም አርማ ካየሽ የጠፋው ባክላይቱ (ከስክሪኑ ጀርባ የሚያበራው መብራት) ነው፣ ምስሉ አለ። ቀጥሎ ቲቪ ላይ በኤችዲኤምአይ ሰኪና የኤፍኤንና (Fn) የኤፍ4 (F4) ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኚ። ቲቪው ካሳየ ቦርዱ ደህና ነው፤ ቀሪው ስክሪኑ ወይም በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ኬብል ነው። ክዳኑን ከፍ ዝቅ ስታደርጊ ብልጭ የሚል ከሆነ ኬብሉን ጠርጥሪ። ስክሪን ከመግዛትሽ በፊት የአሮጌውን ኬብል መሰኪያ ፒኖች ቁጠሪ፤ የዚያ ዘመን አብዛኛው ባለ 40 ነው፣ ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ባለ 30፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

5 ከሆነና ባትሪ አልባው ሙከራም ካልሠራ ጥገና ቤቱ ልክ ነበር። ያኔም ፋይሎችሽ ያሉት ሃርድ ዲስኩ ላይ ስለሆነ አውጥተሽው በዩኤስቢ ኬዝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትሰኪዋለሽ፤ ማሽኑን ለማንም ከመስጠትሽ በፊት ይህን አድርጊ።

ቆጥረሽ ቁጥሩን ጻፊልን፤ ራሙን አንድ በአንድ ስትሞክሪ ቁጥሩ ከተቀየረም እሱን ጨምሪበት።