መልስ፦ ኮሌታ ሲያዝ ቴኳንዶ ወይስ ጁዶ?

አንድ ዓመት ቴኳንዶ ተለማምደህም ደሴ ላይ ማታ ኮሌታህን ያነቀህን ሰው ማስለቀቅ እንዳቃተህ ነግረኸኝ፣ በቴኳንዶው ልቀጥል ወይስ ጁዶ ልጀምር ብለህ ጠይቀሃል። የጎደለህ ጉልበት ሳይሆን የቅርብ ትግል ልምምድ ነው፤ ስለዚህ ቴኳንዶውን ሳትተው ጁዶ ጨምርበት።

በወርልድ ቴኳንዶ (የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን) የውድድር ደንብ ተጋጣሚን መያዝም ሆነ ፊትን በቡጢ መምታት ስለሚከለከል፣ ተማሪው ርቀት ጠብቆ በእግር መምታትን ይለምዳል። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 የመሠረተው ጁዶ ግን የሚጀምረው ልብስ ከመያዝ ነው፤ እጅጌና ኮሌታ ጨብጦ ሚዛን ማሳት፣ ከዚያም መጣል። (ከብት ስንጠብቅ የምንታገለው ትግል እንኳ፣ ለዚህ ጉዳይ ከሚያምር ከፍተኛ ምት ይሻላል ባይ ነኝ።)

ስትያዝ ወደ ኋላ አትጎተት። አገጭህን ዝቅ አድርገህ፣ የያዘህን እጅ በሁለት እጅህ ደረትህ ላይ አጥብቀህ፣ መላ ሰውነትህን ወደ ጎን አዙር፤ እንደለቀቀህም ከቦታው ራቅ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እኔ ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ባራሰው የኮብልስቶን ቁልቁለት ከፍ ያለ ምት ስሞክር ተንሸራትቼ በመዳፌ በማረፌ፣ የእጄ አንጓ ለሳምንታት ታስሮ ከርሟል። ስለዚህ ጁዶ ስትጀምር ከመጣል በፊት አወዳደቅን ተማር፤ አገጭ ወደ ደረት ይገባል፣ መሬቱንም ሙሉ ክንድ ይመታዋል እንጂ የተዘረጋ መዳፍ ለብቻው ክብደት አይቀበልም።