የወርቅ ክሩን አስተኚው እንጂ አታሳልፊው

እህቴ፣ የካባ ጥልፍ ስትሠሪ የወርቅ ክሩ በከፋዩ ውስጥ ሲያልፍ እየተላጠ እንዳስቸገረሽ ጽፈሻል። «ኩቺንግ ሞክሪ» ተብለሽ መዝገበ ቃላት ብትገልጪ ደግሞ የዓይን ሕክምና ሆኖ አገኘሽው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ቃሉ የመጣው «ኩሼ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ማስተኛት ማለት ነው። የጥንት ሐኪሞች ሞራ የጋረደውን የዓይን ሌንስ በመርፌ ገፍተው ወደ ታች ያስተኙት ነበር፤ ስሙ ከዚያ ነው። (ሌንሱ እዚያው ዓይን ውስጥ ስለሚቀር የብዙ ሰው ዓይን ጠፍቶበታል። ዛሬ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።) በእኛ ሥራ የሚተኛው ክሩ ነው፤ ጨርቁ ላይ ይጋደምና በሌላ ቀጭን ክር ይያዛል።

ክርሽ የሚላጠው መሃሉ ተራ ክር ሆኖ ከላዩ ስስ ወርቃማ ጥብጣብ ስለተጠመጠመበት ነው። ጨርቁን በበሳ ቁጥር ጥብጣቡ ይገፈፋል። እኔ የመጀመሪያውን ካባ ስጠልፍ መስቀሉ ግማሹ ወርቅ፣ ግማሹ ባዶ ቢጫ ክር ሆኖብኝ የሳምንት ሥራዬን እያለቀስኩ ፈታሁት።

ከፋዩን ከጀርባው አቡጀዴ ደርቢበትና በፍሬም እንደ ከበሮ ወጥሪው። ሁለት የወርቅ ክር ጎን ለጎን ከላይ አጋድሚ። ቀጭን የሐር ክር በንብ ሰም አሽተሽ፣ በየ3 ወይም 4 ሚሊ ሜትሩ ወርቁን በአግድም እያቋረጥሽ ያዢው። መርፌው ከወርቁ ግራና ቀኝ ይውጣ እንጂ ወርቁን አይውጋው። አጥብቀሽም አትሳቢ፤ ወርቁ ወገቡ ይቀጥናል። የሚቀጥለው መስመር ስፌት በቀዳሚዎቹ መካከል ይረፍ፣ ልክ እንደ ጡብ ግድግዳ። የመስቀሉ ማዕዘን ላይ ስትደርሺ ሁለቱን ክሮች ለየብቻ ያዢ፤ መጀመሪያ የውጭውን፣ ቀጥሎ የውስጡን። ማዕዘኑ ስል ሆኖ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ የሥራው ውበት ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው የቆየ ነው። 70 ሜትር ገደማ የሚረዝመው፣ የእንግሊዝን መወረር በሥዕል የሚተርከው የባዮ ጥልፍ በ11ኛው መቶ ዘመን በተልባ ጨርቅ ላይ አብዛኛውን የሱፍ ክር እያስተኙ የሠሩት ነው። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ጠላፊዎች የካህናት ልብስ ሲሠሩ ደግሞ ከጀርባ በተልባ ክር ወርቁን በጥቂቱ ወደ ታች ይስቡት ነበር፤ በዚህ ምክንያት ወርቅ የሞላው ልብስ ሳይደርቅ እንደ ልብ ይታጠፍ ነበር። በቁራጭ ጨርቅ ሞክሬዋለሁ፤ ጣት ይፈጃል፣ ግን ያምራል።

የክሩን ጫፍ ከላይ አትቁረጪው። 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀሪና ዓይኑ ሰፊ በሆነ መርፌ ወደ ጀርባ አውርጂው፤ ከዚያ ከአቡጀዴው ጋር ሰፍተሽ ትርፉን ቁረጪ።