አቦ ሦስተኛ ባትሪ እንዳትገዛ፣ መጀመሪያ ለካው

ወንድሜ ጥያቄህን አነበብኩት፣ ቪትዝህ ላይ ባትሪ ሁለቴ ቀይረህ አሁንም ከሐረር ነድተህ ድሬ ትገባና ማታ አቁመኸው ታድራለህ፣ ጠዋት ቁልፍ ስታዞር ቲክ ቲክ ብሎ ዝም ይላል፣ ከጎረቤት ባትሪ በኬብል ነው የምታስነሳው፣ ባለሙያው ደሞ ሌላ ባትሪ ግዛ ብሎሃል። አቦ እንዳትገዛ! የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ የመጣ መኪና መንገድ ላይ ቻርጅ ተደርጎ ነው መግባት ያለበት፣ ስለዚህ ወይ ዲናሞው (ሞተሩ ሲሰራ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው) አይሞላም ወይ ማታ የሆነ ነገር እየበላው ነው።

ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) ተዋስ ወይ ግዛ፣ ቀላሉ ዲጂታል ይበቃል። ጠዋት ሳታስነሳው ባትሪውን ለካ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ 12 እና ከዛ በታች ከሆነ አልቋል። 12.5 እያሳየህ ቲክ ቲክ ካለ ግን ባትሪውን ተወው፣ ተርሚናሉን አፅዳ፣ የማሳውን (የነጌቲቩን) ገመድ ከሞተሩ ጋ የታሰረበትን ፈትተህ ዝገቱን ፍቀህ አጥብቀህ እሰረው፣ ካልሆነ ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) አሳይ። ከዛ አስነስተህ ድጋሚ ለካ፣ ከ13.8 እስከ 14.5 መሀል መሆን አለበት። 12 ምናምን ላይ ከቀረ ዲናሞው ነው፣ የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶም ይሆናል። ከ15 ካለፈ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ነው፣ ባትሪውን እየቀቀለው ነው ማለት ነው። እና እባክህ ሞተር እየሰራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ "ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው" የሚል ሰው እንዳታስነካው፣ ያ ለድሮ መኪና ነበር፣ አሁን ቮልቱ በአንዴ ዘሎ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥልብህ ይችላል።

ቻርጁ ደህና ከሆነ ማታ የሚበላውን መፈለግ ነው፣ ዋናው ስራም እዚህ ጋ ነው። ሁሉንም አጥፋ፣ ቁልፉን አውጣ፣ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገህ ቀዩን ገመድም ወደ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ቀይረው፣ ከዛ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትተህ በተርሚናሉና በገመዱ መሀል አስገባው። እሱ እንደተገናኘ ቁልፍ እንዳታዞር፣ የቴስተሩ ፊውዝ ወዲያው ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየህ አትደንግጥ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቀው፣ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ነው። ከዛ ከ0.05 አምፔር በታች ከወረደ ጤነኛ ነው። 0.5 ላይ ከቆመ በ12 ሰዓት ውስጥ 6 አምፔር ሰዓት ይበላል፣ ይሄ ባትሪን ቀስ እያለ ነው የሚያደክመው፣ ያንተ ግን በአንድ ሌሊት ስለሚሞት 2 አምፔር አካባቢ ብታይ አይገርመኝም።

አሁን ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀልክ ቁጥሩን እያየህ ሂድ፣ የትኛው ሲነቀል ከወረደ ችግሩ እሱ መስመር ላይ ነው። ሪሌዎቹንም (ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያ ኩቦች) በጣትህ ንካ፣ መኪናው ጠፍቶ እያለ የሚሞቅ ሪሌ ካለ ተጣብቋል፣ እዚህ ሙቀት ውስጥ ኤሲና ፋን እንደምናሰራው የነሱን ሪሌ መጀመሪያ ንካ። ከጋራዥ ውጪ የተገጠመ ቴፕ፣ አላርም ወይ ጂፒኤስ ካለ ደሞ ከሁሉም በፊት እሱን ጠርጥር፣ ገጣሚዎቹ ፊውዝ ሳጥኑን ትተው በቀጥታ ከባትሪ ነው የሚጎትቱት።

ፊውዝ ሁሉ ተነቅሎ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ዲናሞው ውስጥ ያለው ዳዮድ (ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ነው የምጠረጥረው። ሳቢያን ሰፈር ያለ ጎረቤቴ ኮሮላው እንዲህ አስቸግሮት ባትሪ ሲቀያይር ከርሞ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ኮፈን ከፍተን ሞተሩ ቀዝቅዞ ዲናሞው ብቻ ለብ ብሎ አገኘነው፣ ሌሊቱን ሙሉ በዳዮዱ ሲያፈስ አድሮ ማለት ነው። ባትሪውን ፈትተን የዲናሞውን ወፍራም ገመድ አውጥተን ጫፉን በላስቲክ ጠቅልለን መልሰን ስንለካ ቁጥሩ ወደቀ። እየሞላ የሚያፈስ ዲናሞ አለ፣ ስለዚህ 14 አሳየኝ ብለህ ነፃ አታውጣው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባትሪህ ውሃ የሚጨመርበት አይነት ከሆነ በድሬ ሙቀት ቶሎ ስለሚተን ደረጃውን እያየህ የባትሪ ውሃ ጨምር፣ የቧንቧ እንዳይሆን፣ ማንቆርቆሪያችን ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቀዋለህ።

ስትለካ ሦስቱን ቁጥር እዚህ ፃፍልኝ፣ ጠዋት ሳይነሳ፣ ተነስቶ፣ እና ጠፍቶ ከተኛ በኋላ ያለውን አምፔር፣ ከዛ አብረን እናየዋለን።