ፕሮ ቱልስ ካርዴን አላየው አለኝ፤ ልጣለው?

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ አነስተኛ ስቱዲዮ ያለው ወንድም ነው የጠየቀኝ። ፕሮ ቱልስ ኤችዲ 3 የሚባል የድምፅ መቅረጫ ሲስተም አለው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰኩ ሦስት ካርድና 192 የሚባል አንድ ኢንተርፌስ (ድምፅ ማስገቢያና ማውጫ ሳጥን)። ለዓመታት በዊንዶውስ ኤክስፒና በፕሮ ቱልስ 8 ሲቀርጽ ኖሯል። አዲስ አበባ ያለ አቀናባሪ የላከለት ሴሽን (የቀረጻው ፋይል) አልከፈት ሲለው፣ ሌላ ዲስክ ገዝቶ ዊንዶውስ 10 እና አዲሱን ቨርዥን ጫነበት። ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ካርዶቹን ግን ጨርሶ አያያቸውም። «ተቃጥለው ይሆን? ልጣላቸው?» ይላል።

አቦ፣ እንዳትጥላቸው! ካርዶችህ ደህና ናቸው። ኤችዲ ካርድ ድምፁን የሚያሰላው በላዩ ላይ በተበየዱት ቺፖች ነው፤ በአንዱ ካርድ 9፣ ባንተ ማሽን በድምሩ 27። ቲዲኤም የምንለው ይኼ ነው። እሱን የሚያውቀው የመጨረሻው ቨርዥን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ፕሮ ቱልስ 10 ነው። በ2013 የወጣው 11 ወደ 64 ቢት ሲሻገር ቲዲኤምን ከነፕለጊኖቹ (ከድምፅ ማስተካከያ ተጨማሪ ፕሮግራሞቹ ጋር) ትቶታል። ከዚያ ወዲህ ያለ የትኛውም ቨርዥን ካርድህን አያውቀውም፤ ድራይቨር ስትፈልግና ስሎት ስትቀያይር አትድከም።

ያልተከፈተልህ ሴሽን ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ10 ጀምሮ ሴሽን የሚቀመጠው በፒቲኤክስ ፎርማት ነው፤ 8 የሚያነበው ፒቲኤፍ ነው። አቀናባሪው «ሴቭ ኮፒ ኢን» ብሎ በድሮው ፎርማት ሊልክልህ ይችላል። ክሊፕ ጌይን (የአንድን ቁራጭ ድምፅ ብቻ ከፍ ዝቅ ማድረጊያ) ተጠቅሞ ከሆነ ግን አስቀድሞ ሬንደር ያድርገው (ለውጡን ድምፁ ላይ ያትመው)፤ የአንተ 8 ክሊፕ ጌይን የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ ከዚህ ይልቅ እያንዳንዱ ትራክ ከሴሽኑ መጀመሪያ (ከዜሮ) የሚነሳ አንድ ፋይል እንዲሆን፣ በ24 ቢት ዌቭ ሆኖ ከነቴምፖው እንዲላክልኝ ነው የምጠይቀው። እንዲህ ከመጣ የትኛውም ቨርዥን ላይ ይገጥማል።

ወደ 10 ልውጣ ካልክ ዊንዶውስ 7 እና አይሎክ (የፕሮግራሙን ፈቃድ የሚይዝ የዩኤስቢ ቁልፍ) ያስፈልግሃል። ላንተ ሥራ ግን፣ ድምፃዊ ለመቅረጽና ክራር ለመቅዳት፣ 8 አላነሰህም። በዚያው ቆይ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ የኤክስፒ ዲስክ አንድ ብቻ ነው፤ ቅጂም የለውም። ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት እሱን እንዳለ ክሎን አድርገህ (ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠህ) አስቀምጥ። ኢንተርኔትም አታገናኘው።

ባለፈው እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ወደ ሱቄ ተመሳሳይ ማሽን መጣ። ሲከፈት ሰማያዊ ስክሪን ያወጣና መልሶ ይነሳል። ባለቤቱ ዲስኩ ሞቷል ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያነበው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብቼ ቀኑን ሳየው ዓመታት ወደ ኋላ ሄዷል። የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ አውጥቼ ለካሁት፤ 3 ቮልት መሆን ሲገባው 2 እንኳ አልሞላም። ባትሪው ሲደክም ባዮሱ የተስተካከለለትን ረስቶ የዲስኩን ሞድ (ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ) ከአይዲኢ ወደ ኤኤችሲአይ መልሶታል፤ ኤክስፒ ደግሞ ለዚያ ድራይቨር ከሌለው አይነሳም። ሲአር2032 ባትሪ ቀየርኩ፣ ሞዱን መለስኩ፣ ሴሽኖቹ ሁሉ እንዳሉ ተገኙ። ሰውየው እንባው ሲመጣ አየሁት፤ የእናቱ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነበር። አንተም ባትሪውን ዛሬውኑ ቀይር፤ ከመቀየርህ በፊት ግን የባዮሱን ገጾች በስልክህ ፎቶ አንሳ።

የእኛ የድሬ ሙቀትና አቧራ ካርድ ይበላል፤ ሐረር ቀዝቀዝ ቢልም አቧራው አይቀርልህም። ማራገቢያዎቹን አጽዳ። የካርዱን ወርቃማ ጥርስ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለህ ፈትገው፣ ፍርፋሪውን አራግፍ። መብራት ሲሄድ ማጥፊያውን ዝጋ፤ ሲመለስም እስኪረጋ ጠብቅ።

ካርዶቹን መልሰህ ስትሰካ ከላይ እርስ በርስ የሚያያይዛቸውን ጠፍጣፋ ኬብል አጥብቀህ ግጠም። ኤክስፒውን አስነስተህ ሴትአፕ ውስጥ ሃርድዌር የሚለውን ክፈት፤ ሦስቱም ካልተዘረዘሩልህ መጀመሪያ ያንን ኬብል ተመልከት።