የት ጋ ነው የምፈርመው?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ድምፃዊት ቤቴ መጣች። የእህቴ ልጅ ጓደኛ ናት። ሁለት ነጠላ ዜማ ለቃለች፤ ሁለተኛውን ታክሲ ውስጥ ሁሉ ይከፍቱታል። ቡናው ገና ሳይፈላ ስልኳን አውጥታ አንድ ውል አሳየችኝ። አሥራ አራት ገጽ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሂሳብ ሰው ስለሆኑ እንዲያው አንዴ ይዩልኝ» አለች። «አንቺስ አይተሽዋል?» አልኳት። ሳቀች። «ረጅም እኮ ነው! ደግሞ ማኔጀሬ እንደ ወንድሜ ነው። የት ጋ እንደምፈርም ብቻ ነው ያልገባኝ።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ደብተር ስመረምር ኖሬያለሁ። ጸጉሬ የሸበተው እዚያ ነው። «እንደ ወንድሜ ነው» ሲሉኝ እስከ ዛሬ ሆዴ ይረበሻል። ስለ ውሉ ምንም ሳልናገር ስለ ሌላ ዘፋኝ አወራኋት። ያንኑ ለእናንተም ልጽፈው ነው።

ዶሪስ ዴይ ትባላለች። ስሟን ባታውቁት አልፈርድባችሁም፤ የአያቶቻችሁ ዘመን አሜሪካዊት ናት። ዘፈኗን ግን አንድ ቦታ ሳትሰሙት አልቀራችሁም፦ «ኬ ሰራ ሰራ»። ልጅ እናቷን ሳድግ ምን እሆናለሁ ብላ ትጠይቃለች፤ እናት የሚሆነው ይሆናል ትላታለች። የእኛ ሰፈር እናት የመለሰችው ነው የሚመስለው። ዶሪስ ግን መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም ነበር፤ የሕፃን ዘፈን ነው ብላ። በ1956 በአልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም ውስጥ ዘፈነችው። ዘፈኑ ኦስካር አገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኳን ተከተላት። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ይህን ዘፈን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የተወለደችው በ1922 ሲንሲናቲ በምትባል የኦሃዮ ከተማ ነው። የቤተሰቧ ስም ካፕልሆፍ ነው። አባቷ የሙዚቃ አስተማሪ ነበር፤ ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር ተለያዩ። የእሷ ሕልም ዳንስ ነበር። ከአንድ ልጅ ጋር ተጣምራ ውድድር አሸንፋለች፤ ወደ ሆሊውድ ለመሄድም ዝግጅት ላይ ነበረች። በጥቅምት 1937 የተሳፈረችበት መኪና ከባቡር ጋር ተጋጨና ቀኝ እግሯ ተሰባበረ። ዳንሱ እዚያው ላይ አበቃ።

አልጋ ላይ ተኝታ ሬዲዮ ማዳመጥ ያዘች። ኤላ ፊትዝጀራልድ ስትዘፍን አብራ ትዘፍናለች፤ ትንፋሿን የት እንደምትስብ፣ ቃሉን እንዴት እንደምትጥል እየተከተለች። እናቷ ይህን አይታ አስተማሪ ፈለገችላት። አስተማሪዋ ግሬስ ሬይን ልጅቷን ከሰማች በኋላ በአንድ ትምህርት ዋጋ በሳምንት ሦስት ጊዜ አስተማረቻት። እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ የሚታየኝ ሂሳቡ ነው፤ የሙያ ነገር ምን ይደረግ። የሁለቱ ትምህርት ዋጋ በማንም ደብተር ላይ አልተጻፈም። እንዲህ ዓይነት ሰው በሕይወታችሁ ካለ ስሙን ጻፉት።

ካፕልሆፍ የሚለው ስም ለማስታወቂያ ሰሌዳ ረዘመ ተባለና የምትዘፍንበት ባንድ መሪ «ዴይ» አላት፤ ትዘፍነው ከነበረ ዘፈን ወስዶ። ስሙን ብዙም አልወደደችውም። ቢሆንም ተጠራችበት። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ከሌስ ብራውን ባንድ ጋር የዘፈነችው «ሴንቲሜንታል ጀርኒ» ወደ አገሩ የሚመለሰው ወታደር ሁሉ ዘፈን ሆነ። በ1948 ወደ ፊልም ገባች። ዳይሬክተሩን ማይክል ከርቲዝን ከዚህ በፊት ተውኜ አላውቅም ብላ በግልጽ ነገረችው። ይኼው ግልጽነቷ ነው ደስ ያለው፤ ቀጠራት።

ከዚያ ሃያ ዓመት፣ 39 ፊልም። በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1964 በአሜሪካ ተመልካች ወደ ሲኒማ ቤት በመሳብ ከወንድም ከሴትም አንደኛ ነበረች። ዝርዝሩን ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ደብተር ነው።

ሦስት ጊዜ አግብታለች፤ አራተኛውም በኋላ መጣ። የመጀመሪያው ባሏ ይመታት ነበር። ሁለተኛው ብዙ አልቆየም። ሦስተኛው ማርቲን ሜልቸር ነው፤ በ1951 በልደቷ ቀን ተጋቡ። ልጇን በስሙ አሳደገላት። ማኔጀሯ ሆነ፤ ቀጥሎም የፊልሞቿ ፕሮዲውሰር። እሷ ትዘፍናለች፣ ትተውናለች፤ ገንዘቡን እሱ ይይዛል። የሁለቱም ጠበቃና የገንዘብ አማካሪ ደግሞ ጀሮም ሮዘንታል የሚባል ሰው ነበር። ገንዘቧን ነዳጅ ጉድጓድ ላይ፣ ሆቴል ላይ፣ ሌላም ሌላም ነገር ላይ አዋለው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በእኛ ሙያ ጀማሪ ሲቀጠር በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ነገር አለ። ገንዘብ የሚይዘውና መዝገብ የሚጽፈው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ክፍያ የሚያዘው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም። ሐቀኛውንም የሚጠብቀው ይኼው ነው፤ ገንዘብ ቢጎድል ንጹሕነቱን የሚያሳይበት ወረቀት ይኖረዋላ። ዶሪስ ዴይ ዘንድ ግን ይዞታውም፣ መዝገቡም፣ ትእዛዙም በሁለት በሚተማመኑ ወንዶች መካከል ይዞር ነበር። ቆጠራውን ከውጭ የሚያይ ሰው አልነበረም። ባለቤቷ እሷ፤ የምትፈርመውም እሷ፤ የማታየውም እሷ።

በሚያዝያ 1968 ሜልቸር ሞተ። ልጇ ቴሪ ሰነዶቹን ሲያገላብጥ ጉዱ ወጣ። ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር የሚገመተው የሃያ ዓመት ልፋቷ የለም። መጥፋቱ ሳያንስ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ዕዳ አለባት። ሌላም አለ። ባሏ እሷ ሳታውቅ ሲቢኤስ ከሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ጋር በስሟ የቴሌቪዥን ድራማ ተፈራርሟል። ሥራው የሚጀምረው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ሐዘኗን ገና አልጨረሰችም፤ ቴሌቪዥንም አትፈልግም ነበር። ዕዳው ግን ሐዘን አያውቅም። ገባችበት። እስከ 1973 አምስት ዓመት ሠራች።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ዘፈን እዚህ ነው የሚመጣው። የድራማው መክፈቻ ዘፈን ምን ነበር መሰላችሁ? «ኬ ሰራ ሰራ»። ሳልፈርም ተፈረመልኝ ያለችውን ሥራ በየሳምንቱ «የሚሆነው ይሆናል» እያለች ትከፍተዋለች። እኔ ሳስበው ይዘገንነኛል። እሷ ግን ስትስቅ ነው የምትታየው፤ ቆንጆ ሳቅ ነበራት።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ «ባሏ ሌባ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ዶሪስ ራሷ ግን ባሌ የማይታመን ሰው አመነ እንጂ ሆን ብሎ አልበደለኝም ብላለች። ልክ ትሁን አትሁን እኔ አልፈርድም። ከወንበሬ የማየውን ግን ልንገራችሁ፦ የዋህነትም ሌብነትም ደብተር ላይ ሲሰፍሩ ያው ቀይ ቁጥር ናቸው። ሌባን ከየዋህ የሚያስለይ ምክር ከእኔ አትጠብቁ፤ እኔም መለየት አልችልም። የማውቀው ሌባውም የዋሁም እኩል የሚቸገሩበትን አሠራር ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ተምሬ ብቻ አይደለም። በሃያ ሰባት ዓመቴ አንድ የቅርብ ጓደኛዬ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ተቀጠረ። ዋስ አምጣ ተባለ። ማኪያቶ እየጠጣን ወረቀቱን ዘረጋልኝ። እኔ የሂሳብ ተመራቂ፣ ውጤቴ ጥሩ፣ ሰው የሚያማክረኝ፤ ሳላነበው ፈረምኩ። ማንበብ እሱን መጠርጠር መሰለኝ። አፈርኩ። በዓመቱ ጓደኛዬ ከነካዝናው ተሰወረ። ደብዳቤ ሲመጣልኝ ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። «በአንድነትና በነጠላ» የምትል ሐረግ ነበረችበት። እሱ ባይገኝ እኔ ብቻዬን ሙሉውን እከፍላለሁ ማለት ነው። ለአራት ዓመት ከሁለት ወር የደመወዜ ሢሶ ተቆረጠ። ባለቤቴ ያኔ እጮኛዬ ነበረች፤ ሠርጋችን ሁለት ጊዜ ተራዘመ። እስከ ዛሬ ወረቀት ባየሁ ቁጥር «በአንድነትና በነጠላ» እያለች ታሾፍብኛለች።

ስለዚህ ማፈሩን አውቀዋለሁ። በእኛ ባህል በተዘረጋ እጅ ላይ ወረቀት ማንበብ ከባድ ነው። ሰውዬው ፊትህን እያየ ቁጭ ይላል። «አታምነኝም እንዴ?» የሚል ነገር አየሩ ላይ አለ። ለዚህ ያገኘሁት መላ ትንሽ ነው፦ እዚያው ላይ አታንብቡ። ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ። «ነገ እመልስልሃለሁ» በሉ። ነገ የማይደርስ ወረቀት ብዙ ጊዜ ጤና የለውም።

ውክልና ደግሞ ለብቻው ያስፈራኛል። ቨርጂንያም፣ ጅዳም፣ ቴል አቪቭም ያላችሁ አንባቢዎቼ ይህን ታውቁታላችሁ። ቤት እንዲገዛልኝ ተብሎ ለዘመድ የተላከ ውክልና መሸጥንም፣ ማስያዝንም፣ መበደርንም ጨምሮ ይጻፋል። «ሙሉ ውክልና» ይባላል፤ ሲሰሙት ደስ ይላል። ቤት ለመግዛት ከሆነ ቤት ለመግዛት ብቻ ይጻፍ። የባንክ መግለጫው በየወሩ በእናንተ ስልክ ይምጣ። የወከላችሁት ሰው ከተቆጣ ይቆጣ። ጠበቃ ስትይዙም የማኔጀራችሁ ጠበቃ የእናንተ ጠበቃ እንዳልሆነ ዕወቁ፤ የዶሪስ ዴይ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲመጣ ከነበሩት ዋና ነገሮች አንዱ ይኸው የጥቅም ግጭት ነው።

ጠበቃውን ሮዘንታልን ከሳ ፍርድ ቤት ሄደች፣ አዎ። በ1974 ዳኛው ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደላት። ጋዜጣው ጮኸ። ነገር ግን የተፈረደና የተከፈለ አንድ አይደለም። በ1979 ከጠበቃው የመድን ድርጅቶች ጋር በ6 ሚሊዮን ገደማ ተስማማች፤ እሱም በየዓመቱ ተከፋፍሎ የሚከፈል ነው። ሰውዬው ይግባኝ በይግባኝ እየሄደ የጥብቅና ፈቃዱን ያጣው በ1987 ነው። ከባሏ ሞት ቢቆጠር አሥራ ዘጠኝ ዓመት። አንድ ከሰዓት በኋላ የማንበብ ዋጋ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? ቁጥር ስለምወድ ነው የምጠይቃችሁ።

ስለ ዕድሜዋ አንድ ነገር ላስገባ፤ ያስቀኛል። ዕድሜዋን ሙሉ የተወለደችው በ1924 ነው ሲባል ኖረ። በ2017 ጋዜጠኞች የልደት ምስክር ወረቀቷን ሲያገኙ 1922 ሆኖ ተገኘ። በአንድ ቀን ሁለት ዓመት አረጀች። እሷም ትክክለኛ ዕድሜዬን በማወቄ ደስ ብሎኛል አለች። እኛ አገርማ ሰው ሦስት ዕድሜ አለው፦ የእናቱ፣ የትምህርት ቤቱና የጡረታው። ግን አያችሁ? የገዛ ልደቷን ወረቀት እንኳ ሌላ ሰው ነው ያነበበላት።

ኋለኛውን ዘመኗን በካሊፎርኒያ ካርሜል ውሾቿን እያሳደገች ኖረች። በ1978 ለእንስሳት የሚሠራ ድርጅት አቋቋመች። ውሻ የሚያስገባ ሆቴል ላይ ድርሻ ነበራት፤ የዚህኛውን ሆቴል አድራሻ ቢያንስ ታውቀዋለች። በ2004 ፕሬዚዳንቱ የአገሪቱን ትልቁን የሲቪል ሜዳልያ ሲሸልሟት አውሮፕላን ስለምትፈራ አልሄደችም። ልጇ ቴሪ በዚያው ዓመት አረፈ። እሷ በግንቦት 2019 በ97 ዓመቷ ሞተች። ቀብር እንዳይደረግ፣ መታሰቢያ እንዳይኖር፣ መቃብሯ ላይ ድንጋይ እንዳይቆም ፈቃዷን ግልጽ አድርጋ ነው የሄደችው። እንደተባለው ሆነ።

ልጅቷ ያን ቀን ሳትፈርም ሄደች። ትንሽ የተከፋች መሰለኝ፤ ሽማግሌ ጨቅጫቃ ነው ብላም ይሆናል። ከአራት ቀን በኋላ ማታ ቴሌግራም ላይ የውሉን ፎቶ ላከችልኝ። አሥራ አራቱም ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምራለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ አንቀጽ 9 ላይ ‹ወደፊት የምትሠራቸውን ሥራዎች ጨምሮ› ይላል። የወደፊቱን እንዴት አወቁት?»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ነይ አልኳት። ማኔጀሩንም ይዘሽው ነይ፤ ቡና እናፈላለን።