ጥያቄና መልስ፦ ጌም መሥራትን ከየት ጀምሬ ላስተምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ አስተምራለሁ። ለመጪው ሴሚስተር የቪዲዮ ጌም ዲዛይንና ሥራ የሚል አዲስ ኮርስ ተሰጥቶኛል። ተማሪዎቼ ኮድ ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ገና ሳንጀምር ግን "ትልቅ ኦንላይን ጌም እንሠራለን" እያሉኝ ነው። በየትኛው ኢንጂን (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ልጀምር? ውጤትስ እንዴት ልስጥ? ጌሙ ካላዝናና ልጥላቸው?
ግራ የገባት መምህርት

መልስ፦ እህቴ፣ የኢንጂኑን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ዩኒቲም አንሪልም ለማስተማር ይሆናሉ። ጎዶ ግን በነጻ ይገኛል፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ አቅሙ ደከም ያለ ኮምፒውተርም ይችለዋል። እኔ ብሆን በሱ ነበር የምጀምረው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግን ኮምፒውተሩን አስዘጊያቸው። ወረቀት፣ እስክሪብቶና መቀስ ይበቃል። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ጨዋታ ፈልስፎ፣ ሕጉን ጽፎ ለሌላ ቡድን ይስጥ፤ የፈለሰፉት ደግሞ ቆመው ይመልከቱ እንጂ ማስረዳት ክልክል ነው። ወረቀት ላይ የማይሠራ ሕግ በአንድ ጭረት ይሰረዛል። ሳምንት ሙሉ ኮድ የጻፈበትን ሕግ ግን ማንም ጨክኖ አይሰርዝም፤ ጎበዝ ፕሮግራመር ደግሞ ይብስበታል፣ ጌሙ ሲደብር ሌላ ነገር ይጨምርበታል።

ቀጥሎ ፖንግን ይሥሩ፤ ሁለት ሰው እንደ ጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የሚመላለስበት የድሮ ጌም ነው። በነገራችን ላይ ፖንግ ራሱ የመለማመጃ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የጌም ሠሪው ኩባንያ የአታሪው ኖላን ቡሽኔል አዲስ ለተቀጠረው አለን አልኮርን እጁን እንዲያፍታታ ሰጠው፦ አንድ ኳስ፣ ሁለት መምቻ፣ ነጥብ። አልኮርን መምቻውን ስምንት ቦታ ከፍሎ ኳሷ እንደነካችው ቦታ አቅጣጫዋ እንዲለያይ አደረገ፤ ምልልሱ በረዘመ ቁጥርም ፍጥነቷ ይጨምራል። ተማሪዎችሽ መጀመሪያ እነዚህ ሁለቱ የሌሉበትን ይሥሩ፣ ከዚያ ይጨምሩና ሁለቱንም ይጫወቱ። ዲዛይን ማለት ምን እንደሆነ በአንድ ክፍለ ጊዜ በእጃቸው ይገባቸዋል።

ትልቁ ኦንላይን ጌም ይቅር። አንድ ሴሚስተር አይበቃውም፣ ሰርቨሩ (ተጫዋቾቹን በኢንተርኔት የሚያገናኘው ኮምፒውተር) ብቻውን ጊዜያቸውን ይበላዋል። ዲጂፔን የሚባል አሜሪካ ያለ የጌም ትምህርት ቤት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ናርባኩላር ድሮፕ የሚባል ትንሽ ጌም ሠርተው ነበር። ዋናው ሐሳቡ አንድ ነው፦ ግድግዳ ላይ ሁለት በሮች ትከፍቻለሽ፣ በአንዱ ገብተሽ በሌላው ትወጫለሽ። ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ አይቶት ልጆቹን ቀጠራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዝነኛው ጌም ፖርታል ከዚያች ሐሳብ ነው የተወለደው።

አሁን ወደ ውጤቱ። አዝናኝ ስለመሆኑ ነጥብ አትስጪ፣ እባክሽ። የራስሽን ምርጫ ነው የምታርሚው። ይልቅ ሰው ሲጫወት ምን አዩ፣ ምን ቀየሩ፣ ለምን ቀየሩ የሚለውን እረሚ።

አንድ ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ ተማሪ የዝላይ ጌም ሠርቶ ጓደኛው ትሞክርለታለች፣ እሱ ከኋላዋ ቆሟል። እዚያው አንድ ቦታ ስድስት ጊዜ ወደቀች። "ዘግይተሽ እኮ ነው የምትዘይው!" ሊል አፉን ሲከፍት መምህሩ በዓይኑ ዝም አሰኘው። በሳምንቱ ኮዱን አስተካክሎ መጣ፤ ገጸ ባሕሪዋ ጠርዙን ከለቀቀች በኋላም ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል መዝለል ትችላለች። ጌም ሠሪዎች ካዮቲ ታይም ይሉታል። ለልጅቷ ምን እንደተቀየረ አልነገራትም። ተጫወተች፣ አለፈች፣ ዞር ብላም "አሁን እጄ ለመደ" አለችው። የልጁ ፊት እንዴት እንደበራ ብታይ! ከመቶ ሃምሳውን ለእንዲህ ያለው ለውጥ ብትሰጪ አይበዛበትም።

ለሥዕሉና ለድምፁ ከሥነ ጥበብና ከሙዚቃ ክፍል ተማሪዎች ጋር ብታቀናጂያቸው ግሩም ነው። የቡድን ሥራ ላይ ማን ምን እንደሠራ ከጊት (የኮድ ለውጥን ማን እንደሠራው የሚመዘግብ ፕሮግራም) መዝገቡ ተመልከቺ፣ ግን በኮድ መስመር ብዛት አትለኪ። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ የመጣውንም አታሞግሺ፤ ሌሎቹም ይከተሉታል።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ንገሪያቸው፦ ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ነገር መጨመር የለም። ያ ጊዜ ስህተት ለማረምና ሰው ለማስሞከር ብቻ ነው። ይለምኑሻል፤ እሺ አትበያቸው።