የአንባቢያን ጥያቄ፦ የአየርላንድ ጨዋታዎችን ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

ጥያቄ (ከደብሊን)፦ እዚህ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሰኞ ሰኞ መሥሪያ ቤት ወሬው ሁሉ የአየርላንዶቹ የራሳቸው እግር ኳስ (ጌሊክ እግር ኳስ) እና በዱላ የሚጫወቱት ኸርሊንግ ነው። የአንድ ታዋቂ ተጫዋች ግለ ታሪክ ገዝቼ ሠላሳ ገጽ ሳልደርስ ተውኩት፤ ስሙም ግጥሚያውም ተምታታብኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ያስቸገረዎ ከግለ ታሪክ መጀመርዎ ነው። ተጫዋቾች የሚጽፉት ግጥሚያውን ላየ ያገራቸው ሰው ነው። «የዚያ ዓመት ፍጻሜ» ብለው ያልፉታል፤ ማን ከማን እንደተጫወተ እንኳ አይነግሩም። መጀመሪያ ስለ አንድ ግጥሚያ የተጻፈ መጽሐፍ ይያዙ። እኛ የምንመርጠው የማይክል ፎሊን «ኪንግስ ኦፍ ሴፕቴምበር» ነው። ኬሪ ካውንቲ (ካውንቲ እንደ አውራጃ ነው፤ ቡድኖቹም የየካውንቲው ናቸው) ከ1978 እስከ 1981 አራት ዓመት በተከታታይ የመላ አየርላንድን የእግር ኳስ ዋንጫ ወስዷል፤ በ1982 አምስተኛውን ሊወስድ ተቃርቦ፣ ዘፈኑም ካናቴራውም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ኦፋሊ የተባለው ካውንቲ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በተቀያሪው ሼመስ ዳርቢ ጎል ነጠቀው። ፎሊ የሁለቱንም ቡድኖች ቤት አንኳኩቶ ነው የጻፈው። ዳርቢ ተከላካዩን ቶሚ ዶይልን ገፍቶታል ወይስ አልገፋውም የሚለው ክርክር ደግሞ ዛሬም አልበረደም። ይህን ካነበቡ በኋላ የሰኞውን ወሬ ግማሹን ይከተላሉ።

ከማንበብዎ በፊት ውጤት ማንበብ ይልመዱ። የዚያ ቀን ውጤት ኦፋሊ 1-15፣ ኬሪ 0-17 ነበር። የፊተኛው ቁጥር ጎል ነው፣ ጎል ደግሞ ሦስት ነጥብ ነው፤ የኋለኛው ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ስታልፍ የሚቆጠር አንድ አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ 18 ለ17 ማለት ነው። አዲስ አንባቢ ሁሉ 17 ከ15 ይበልጣል ብሎ ይሳሳታል። በእግር ኳሱ ከ2025 ወዲህ ከ40 ሜትሩ ቅስት ውጭ ተመትታ ከአግዳሚው በላይ የምታልፍ ኳስ ሁለት ነጥብ ሆናለች፤ በቀድሞዎቹ መጻሕፍት ግን ይህ የለም።

ሌላው የዘመን ጉዳይ ነው። በእግር ኳሱ እስከ 2000 ድረስ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ዓመቱ አለቀ፤ ለተሸናፊ ሌላ በር የተከፈተው በ2001 ነው። በድሮ መጽሐፍ ውስጥ በግንቦት የተሸነፈ ተጫዋች እንደ ሐዘንተኛ የሚተክዘው እስከ ሚቀጥለው ግንቦት ስለሚጠብቅ ነው። ፍጻሜውም ለብዙ ዓመታት በመስከረም ይደረግ ነበር፤ የፎሊ መጽሐፍ ርዕስም ከዚያ የመጣ ነው። አሁን ሐምሌ ላይ ያልቃል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ኸርሊንግን በቪዲዮ አይቼ የኛን ገና መሰለኝ። ሜዳውን ረግጦ ለማያውቅ ሰው የሚሆን መጽሐፍ አለ?

መልስ፦ ዱላውና ሽሚያው ያመሳስላቸዋል። ልዩነቱ ግን ሩሯ በመሬት የምትነዳ ስትሆን፣ የኸርሊንጓ ኳስ በዱላው ሰፊ ጫፍ ተነሥታ፣ በእጅ ተይዛ፣ አየር ላይ እያለች ትመታለች። አንድ ምት ከሰማንያ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ይህን ፍጥነት ወረቀት አይችለውም፤ ለዚህ ነው ጥሩ የኸርሊንግ መጽሐፍ ስለ ምቱ ሳይሆን ስለ ሰዎቹ የሚያወራው። አጫጭር ቅንጭብ ቪዲዮም አይረዳዎትም፤ ኳሷ ሳትታይ ጎል ይሆናል። የ1995ቱን ፍጻሜ ሙሉውን ካገኙ እሱን ይዩ፤ ክሌር ኦፋሊን 1-13 ለ2-8 አሸንፎ ከ1914 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሣበት ነው።

ከዚያ የዴኒስ ዋልሽን «ኸርሊንግ፦ ዘ ሬቮሉሽን ይርስ» ይክፈቱ። ትልልቆቹ ካውንቲዎች ዋንጫውን ለትንንሾቹ የለቀቁበትን የ1990ዎቹን ዘመን ይተርካል። በ1994ቱ ፍጻሜ ኦፋሊ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች 2-5 አግብቶ ሊመሪክን ያሸነፈው፣ በ1998 የክሌርና የኦፋሊ ግማሽ ፍጻሜ ዳኛው ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ፊሽካ ነፍቶ የኦፋሊ ደጋፊ ሜዳው ላይ ቁጭ ያለው በዚያ ዘመን ነው። ጨዋታው ተደገመ፣ ኦፋሊም አልፎ ዋንጫውን ወሰደ። እኛ ዘንድ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ በዚያ ዘመን ግን ያልተቆጣ አልነበረም።

ስለ ታዋቂዎቹ ሳይሆን ስለ ተራው ክለብ ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ የክሪስቲ ኦኮነር «ዘ ክለብ» አለ። ጸሐፊው ራሱ የክሌሩ የሴንት ጆሴፍስ ዱራ ቤርፊልድ ግብ ጠባቂ ነበር። ክለቡ በ1999 የመላ አየርላንድ የክለቦች ሻምፒዮን ሆኖ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አርጅቶ ሲንገዳገድ የነበረበት አንድ የውድድር ዓመት ነው የተጻፈው። ልምምድ የሚቀሩ ሰዎች፣ የኮሚቴ ኩርፊያ፣ የክለቡ ሐዘን፣ ሁሉም አለበት። ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል ይህንን ነው የምንመርጠው።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን አካባቢ)፦ የተጫዋች ግለ ታሪክ ሁሉ ራስን ማወደስ ይመስለኛል። እውነተኛውን እንዴት ልለይ?

መልስ፦ መጠርጠርዎ ልክ ነው። አብዛኞቹ ለገና ገበያ እንዲደርሱ በጥቅምትና በኅዳር ይወጣሉ፤ የችኮላ ሥራ በሽ ነው። መጽሐፍ መደብር ቆመው በአምስት ደቂቃ መመርመር ይችላሉ። መጀመሪያ በውስጥ ገጹ ላይ አብሮ የጻፈው ጋዜጠኛ ማን እንደሆነ ይዩ፤ ተጫዋቹን ወጥሮ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ካለበት መጽሐፉ ይለያል። ቀጥሎ ቡድኑ የተሸነፈበትን ዓመት ይፈልጉ። ድሉ ሠላሳ ገጽ፣ ሽንፈቱ ሁለት ገጽ ከሆነ ወደ መደርደሪያው ይመልሱት። በመጨረሻ ስለ እንጀራው ምን እንደሚል ይፈትሹ። እነዚህ ተጫዋቾች ደመወዝ የላቸውም፤ እሑድ ሰማንያ ሺህ ሰው ፊት የተጫወተው ሰው ሰኞ አስተማሪ ወይም የባንክ ሠራተኛ ነው። ሥራውን ያላነሣ ግለ ታሪክ የሕይወቱን ግማሽ ደብቋል።

ይህን ፈተና ከሚያልፉት መካከል የኮራ ስታንተን «ጌም ቼንጀር» በ2018 የወጣ ነው። ለማዮ ካውንቲ ዋናው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን መሰለፍ የጀመረችው በ13 ዓመቷ ነው። እናቷን በ1998 አጣች። ከ1999ኙ ፍጻሜ ጥቂት ቀደም ብሎ ከአንገቷ ሥር ያለው የትከሻ አጥንት (ኮላርቦን) ተሰብሮ ሳለ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሜዳ ገብታ ወጣች፤ ቡድኗ ግን አሸነፈ። አራት ዋንጫ ካነሣች በኋላ ዕድሜዋ ሠላሳዎቹን ሲያጋምስ አውስትራሊያ ሄዳ የዚያን አገር እግር ኳስ ጀመረች። ብዙ ሰው ስለ ወንዶቹ ብቻ ያነባል፤ ይህንን ባያልፉት ጥሩ ነው።

የኦይሲን መኮንቪል «ዘ ጋምብለር» ስለ ቁማር ሱስ ነው። በ2002ቱ የእግር ኳስ ፍጻሜ ለአርማ ካውንቲ ተሰልፎ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በሁለተኛው አጋማሽ ግን ጎል አግብቶ ካውንቲው የመጀመሪያውን ዋንጫ አገኘ። ሜዳ ላይ ጀግና የተባለው ሰው ከሜዳ ውጭ ዕዳ ውስጥ ሲዋኝ መጽሐፉ ምንም አይሸፍንም። የደብሊኑ ፊሊ መክማሆን «ዘ ቾይስ» ደግሞ በአደንዛዥ ዕፅ ስለሞተ ወንድሙና ስላደጉበት ባሊመን ሰፈር ነው። ሁለቱም ለልጅ ስጦታ አይሆኑም። የኮርክ ካውንቲው የኸርሊንግ ግብ ጠባቂ ዶናል ኦግ ኩሳክ በ2009 ያሳተመው «ካም ዋት ሜይ» በጋዜጦች የተወራው ግብረ ሰዶማዊ መሆኑን ስለተናገረበት ነው፤ ኳስ ለሚወድ አንባቢ ግን የኮርክ ተጫዋቾች በካውንቲያቸው የስፖርት ቦርድ ላይ ስላደረጉት የሥራ ማቆም አድማ የሚለው ይበልጣል። ደመወዝ የሌለው ሰው ሥራ ሲያቆም ምን ይመስላል? ከዚህ የተሻለ መልስ የትም አያገኙም።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ስለ አሰልጣኝነት አንድ ጥሩ መጽሐፍ ንገሩኝ።

መልስ፦ ሁለት እንንገርዎ፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። የጂም መግኒስ «አንቲል ቪክትሪ ኦልዌይስ» የዶኒጎል አሰልጣኝ ቡድኑን እንዴት ወደ 2012 ዋንጫ እንዳደረሰ ይናገራል። በ2011 ግማሽ ፍጻሜ ሁሉንም ሰው ወደ ኋላ ስቦ በደብሊን 0-8 ለ0-6 የተሸነፈበትን፣ ብዙዎች የተሳለቁበትን ስልትም ምክንያቱን ያስረዳል። የወንድሞቹ ሞት የሚነሣባቸው ገጾች ከስልቱ ይበልጣሉ። ከእሱ ጋር የዴክላን ቦግን «ዚስ ኢዝ አወር ይር» ያንብቡ። በሰሜን በኩል ስላለው የኡልስተር ክፍለ ሀገር የ2011 ውድድር ነው። የዶኒጎሉ ኬቨን ካሲዲ ለዚህ መጽሐፍ ስለ ቡድኑ ውስጣዊ ነገር በመናገሩ ከስብስቡ ተወገደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ያለ እሱ ዋንጫ አነሣ። መጀመሪያ የቦግን፣ ቀጥሎ የመግኒስን ያንብቡ፤ ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት የካሲዲ ስሜት አይገባዎትም።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ እነዚህን መጻሕፍት እዚህ አላገኘሁም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሮጌዎቹ በየጊዜው ከሕትመት ይወጣሉ። በርዕሱ ብቻ አይፈልጉ፤ ተመሳሳይ ርዕስ ያለው ሌላ መጽሐፍ ይመጣብዎታል። በአይኤስቢኤን ቁጥሩ (በመጽሐፉ መለያ ቁጥር) ይፈልጉ፤ ወይም የደራሲውን ስምና የታተመበትን ዓመት አብረው ይጻፉ። አሜሪካ ውስጥ የሰፈርዎ ቤተ መጻሕፍት ከሌላ ከተማ እንዲያስመጣልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ ለመዝጋቢዋ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ይስጧት። አየርላንድ ዘመድ ካለዎት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አባልነት በነፃ ነው፤ በ2019 የመዘግየት ቅጣትም ቀርቷል፤ «ቦሮውቦክስ» በሚባለው መተግበሪያም ኢ-መጽሐፍና ድምፅ መጽሐፍ ይዋሳሉ። አዲስ የወጣውን ግለ ታሪክ ለመግዛት ካልቸኮሉ እስከ ጥር ይጠብቁ፤ ከገና በኋላ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይወርዳል።